ሩዙ ለመለመ ማለት ፍሬው ጸዳ ማለት አይደለም፦ ስለ ዕፅዋት ውህዶችና ስለተበከለ አፈር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሩዝ የምናመርትበት ማሳ ሥራ ካቆመ የማዕድን ማውጫ በታች ነው። አፈሩን አስመርምረን ካድሚየምም አርሰኒክም ከሚገባው በላይ አለበት ተባልን። ማሳውን ትተን የምንሄድበት ቦታ የለንም። የሞሪንጋ ቅጠል ጭማቂ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሂዩሚክ አሲድ የመሳሰሉ ከዕፅዋት የሚገኙ ነገሮች ሩዙን ከመርዙ ይከላከላሉ ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው? የትኛውን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንጠቀም?»

ያግዛሉ። ብቻቸውን ግን አይበቁም። ይህን በአንድ መስመር ጽፌ መጨረስ እችል ነበር፤ ግን መሀል ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። እነዚህ ውህዶች በአብዛኛው የተፈተኑት ተክሉን ከመመረዝ ያድኑት እንደሆነ ለማየት ነው። እርስዎን የሚያሳስብዎት ደግሞ ሩዙን የሚበላው ሰው ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ በጭራሽ አይገናኙም። መርዙን መቋቋም የቻለ ሩዝ ቅጠሉ ለምልሞ፣ ዛላው ሞልቶ፣ ፍሬው ግን ካድሚየም ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። የካድሚየም ተንኮሉም ይኸው ነው። ሰው በሚጎዳ መጠን ፍሬ ውስጥ ገብቶ እንኳ ተክሉ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

በጃፓን ቶያማ ግዛት፣ በጂንዙ ወንዝ ተፋሰስ የደረሰው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከካሚዮካ የማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በወንዙ እየወረደ የሩዝ ማሳዎች ውስጥ ገባ። ያንን ሩዝ ለዓመታት የበሉ ሰዎች፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ ኩላሊታቸው ተጎዳ። አጥንታቸው ሳስቶ በትንሽ ነገር የሚሰበር ሆነ። ኢታይ-ኢታይ የተባለው በሽታ ይህ ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ከብክለት የመጣ በሽታ መሆኑን በይፋ ተቀበለ። ሰዎቹን የመረዛቸው በየዓመቱ የሚታጨድ፣ የሚወቃና የሚበላ ሩዝ ነበር።

ስለዚህ መለኪያዎ ፍሬው ይሁን። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለተፈተገ ሩዝ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎግራም 0.4 ሚሊግራም ካድሚየምና 0.2 ሚሊግራም ኢንኦርጋኒክ አርሰኒክ (ከካርቦን ጋር ያልተጣመረው፣ ለሰው ይበልጥ መርዛማ የሆነው ዓይነት) ነው። ላልተፈተገ ቡናማ ሩዝ የአርሰኒኩ ጣሪያ 0.35 ሚሊግራም ነው። ቻይና በካድሚየም ላይ ጠበቅ ብላ 0.2 ሚሊግራም ላይ አቁማዋለች። ከዚህ በኋላ «ይህ ውህድ ይሠራል ወይ?» ስንል ጥያቄው ፍሬውን ወደ እነዚህ ቁጥሮች ያወርደዋል ወይ ማለት ነው።

አሁን አፈሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ። ይህን ሳይረዱ ማንኛውንም ነገር ቢረጩ ገንዘብ መበተን ነው።

ሩዝ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ አርሰኒክ የሚሰበስበው ውሃ በተኛበት ማሳ ስለሚበቅል ነው። አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ አርሰኒክ በአብዛኛው ከብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ውሃ ሲተኛበት በአፈሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ያን ጊዜ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በእሱ ፈንታ ዝገቱን ይጠቀማሉ። ዝገቱ ይሟሟል፣ ይዞት የነበረውም አርሰኒክ ወደ ውሃው ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ የሚበዛው አርሴናይት የሚባለው ዓይነት ነው። አርሴናይት ደግሞ ሩዝ አጥብቆ ከሚፈልገው ሲሊከን ጋር በጠባዩ በጣም ይመሳሰላል። ሩዝ ሲሊከንን በገፍ የሚወስድ ተክል ነው፤ ከጭዱ ደረቅ ክብደት እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ሲሊካ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሥሩ ላይ ኤልኤስአይ1 እና ኤልኤስአይ2 የተባሉ ፕሮቲኖች አሉት። አንዱ ሲሊከንን ያስገባል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ያሳልፋል። እነዚህ ፕሮቲኖች እንደ በር ናቸው፤ አርሴናይትም በዚያው በር ሰተት ብሎ ይገባል። በሩ ላይ ሲሊከን ከበዛ አርሴናይት ይገፋል። ተክሉ ሲሊከን ሲጠግብ ደግሞ በሮቹን ራሱ ይቀንሳል። ይህን ነጥብ ልብ ይበሉት፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ካድሚየም በተቃራኒው ነው። ውሃ ሲተኛበት ከሰልፈር ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ይሆናል። አሲዳማው አፈርም በውሃው ምክንያት ወደ ገለልተኛነት ይጠጋል፤ ይህም ካድሚየምን ያስረዋል። ማሳው ሲደርቅ ግን ሰልፈሩ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ አሲዱ ይመለሳል፣ ካድሚየሙ ይፈታል። ሥሩ ማንጋኒዝ በሚያስገባበት ኤንራምፕ5 በተባለው ፕሮቲን በኩልም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንግዲህ የእርስዎ ችግር ይህ ነው፤ አርሰኒኩን ለመቀነስ ሲያደርቁ ካድሚየሙ ይነሳል፣ ካድሚየሙን ለማሰር ውሃ ሲያስተኙ አርሰኒኩ ይነሳል። ሁለቱን ለይቶ የማያይ ምክር ካገኙ ትተውት ይለፉ።

ወደ ዕፅዋት ውህዶች እንምጣ። በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አንደኞቹ ተክሉ ራሱ ለመልእክት የሚጠቀምባቸው ናቸው። ሳሊሲሊክ አሲድ ስሙም ታሪኩም የሚያያዘው ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት ጋር ነው። ሩዝ ራሱ ይህን አሲድ ቅጠሉ ውስጥ በብዛት ይይዛል። ሜላቶኒን በእንስሳት ሆርሞንነቱ ሲታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ዕፅዋት ውስጥም መኖሩ ተገለጸ። ብራሲኖላይድ የተባለው የእድገት ሆርሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ከጎመን ዘር አበባ ብናኝ ተለየ። ብዙ ኪሎ ብናኝ ተጨምቆ የተገኘው ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ዛሬ በጠርሙስ የሚሸጡት ብራሲኖላይድም ሳሊሲሊክ አሲድም በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ይህ ምንም ነውር የለውም፣ ሞለኪዩሉ ያው ነው። «ከዕፅዋት የተገኘ» የሚለውን ጽሑፍ አይተው ተጨማሪ ዋጋ ግን አይክፈሉ።

እነዚህ ውህዶች ምን ያደርጋሉ? ካድሚየምም አርሰኒክም ሴል ውስጥ ሲገቡ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች እንዲበዙ ያደርጋሉ። የሴሉ ሽፋን ይጎዳል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሥሩ ማደግ ያቆማል። በልኩ የተሰጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ወይም ሜላቶኒን የተክሉን መከላከያ ኢንዛይሞች ቀድሞ ያነቃል። ግሉታታዮን የተባለው በሰልፈር የበለጸገ ውህድም ይጨምራል። ከግሉታታዮን ፋይቶኬላቲን ይሠራል። ፋይቶኬላቲን ካድሚየሙን ወይም አርሰኒኩን ጠፍሮ ቫኩዩል ወደሚባለው የሴሉ ማከማቻ ይከተዋል። ይህ ሥራ ሥሩ ውስጥ ከተከናወነ ለበላተኛውም በረከት ነው፤ ሥር ውስጥ የታሰረ መርዝ ፍሬ ጋ አይደርስምና። ቅጠል ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ አጠራጣሪ ነው። ቅጠል ሲያረጅ የያዘውን ያራግፋል፣ የተራገፈውም ከፊሉ ወደ ፍሬው ይሄዳል። ፍሬ ውስጥ ከሚገባው ካድሚየም ቀላል የማይባለው በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው።

ሁለተኞቹ አንቲኦክሲዳንቶችና የቅጠል ጭማቂዎች ናቸው። ፍላቮኖይድ፣ ካፌይክ አሲድ፣ የሞሪንጋ ጭማቂ እዚህ ይመደባሉ። የሞሪንጋ ቅጠል ዚያቲን የተባለ የእድገት ሆርሞን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ካልሲየምና ፖታሲየም አለው። ትኩሱን ቅጠል ጨምቆ፣ አጥሎ፣ በ30 እጥፍ ውሃ አቅጥኖ መርጨት የተለመደ አሠራር ነው። ጭማቂው ወዲያው ስለሚበላሽ አያሳድሩት። ተክሉን ያበረታል፤ በዚህ አልከራከርም። አፈሩ ውስጥ ያለውን ካድሚየም ግን አይነካውም። እኔ ሞሪንጋን የማየው እንደ ጥሩ ቅጠል መጋቢ እንጂ እንደ መርዝ መከላከያ አይደለም።

ሦስተኞቹ አፈሩ ላይ የሚሠሩት ናቸው፤ ብዙ ጥፋትም የሚደርሰው እዚህ ነው። ሂዩሚክ አሲድ የበሰበሰ ዕፅዋት ውጤት ነው። ሞለኪዩሉ ትልቅ ነው፣ በአሲዳማ አፈር ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ስለዚህ ካድሚየምን ይዞ መቀመጥ ይችላል። ፉልቪክ አሲድ የሚባለው ወንድሙ ግን ትንሽና ሟሚ ነው። ካድሚየሙን ይዞ ሊንቀሳቀስ፣ ወደ ሥሩም ሊያቀርበው ይችላል። ብዙ ፈሳሽ ምርቶች ሁለቱን ቀላቅለው «ሂዩሚክ» በሚል ስም ይሸጣሉ። ጠርሙሱ ላይ መጠናቸው ተለይቶ ካልተጻፈ አይግዙ። ሲትሪክና ማሊክ አሲድም እንደዚሁ ናቸው። ሲትሪክ አሲድ አፈርን በሌላ ተክል አስመጥጦ ለማጽዳት ሲፈለግ ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶችን ለማሟሟት የሚጨመር ነገር ነው። ለምግብ ሩዝ ማሳ ላይ መጨመሩ እጅን በራስ ላይ ማንሳት ነው።

በአርሰኒክ በኩል ደግሞ ሂዩሚክ አሲድ ሌላ መዘዝ አለው። ኪዊኖን የሚባሉት ክፍሎቹ ከባክቴሪያው ወደ ዝገቱ ኤሌክትሮን ያመላልሳሉ። ዝገቱ ቶሎ ይሟሟል፣ አርሰኒኩም ቶሎ ይለቀቃል። በዝገቱ ላይ ያለውን ቦታም ከአርሰኒክ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ችግሩ ካድሚየም ብቻ በሆነበት ማሳ ሊጠቅም የሚችለው ነገር አርሰኒክ ባለበትና ውሃ በተኛበት ማሳ ሊጎዳ ይችላል። የእርስዎ ማሳ ሁለቱም አለበት። እኔ ብሆን አልነካውም።

ትኩስ የዕፅዋት ቅሪትም ከዚህ አይለይም። ጭድ፣ አረንጓዴ ማዳበሪያ፣ በደንብ ያልበሰለ ኮምፖስት ውሃ ሊተኛ ሲል ማሳው ውስጥ ከተቀበረ ለባክቴሪያው ድግስ ነው። ኦክስጅኑ ባንዴ ያልቃል፣ አርሰኒኩ ይነሳል። የተወሰነው አርሰኒክ ሜቲል ወደሚባለው፣ ከካርቦን ጋር ወደተጣመረው ዓይነት ይቀየራል። ይህ ዓይነቱ ለሰው መርዛማነቱ ቢያንስም ሩዙን ያመክነዋል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ የመኸር ጊዜ ደርሶ ሌላው ዛላ ሲያጎነብስ የታመመው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በእጅዎ ጨመቅ ሲያደርጉት ፍሬው ባዶ ነው።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥዎ። ሩዙ ብዙ ግንድ ካወጣ በኋላ፣ ዛላ ከማውጣቱ በፊት፣ አንድ ተክል ከነአፈሩ ቀስ ብለው ይንቀሉ። ሥሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ እያወዛወዙ ያለቅልቁት፣ አይሹት። ሥሩ ላይ ብርቱካናማ ዝገት መሰል ሽፋን ካዩ መልካም ነው። ሩዝ በግንዱ አየር ወደ ታች ያወርዳል፣ ከሥሩም ጥቂት ኦክስጅን ያወጣል። በዙሪያው የሟሟው ብረት በዚያ ኦክስጅን ዝጎ ሥሩን ይሸፍናል። ያ ሽፋን አርሰኒክን ይይዛል፣ ካድሚየምንም በመጠኑ። ሥሩ ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን አፈሩ ኦክስጅን ጨርሶ የለውም። ምናልባት ትኩስ ቅሪት በዝቶበታል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ቅጠል ላይ የሚረጭ ሳሊሲሊክ አሲድ ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ውሃውን ለጥቂት ቀን ማንጣፈፍ ይቀድማል።

ጥናቶቹን በተመለከተ፣ ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹም «ተሳክቷል» ይላሉ። አልዋሹም። ግን እንዴት እንደተሠሩ ይመልከቱ። ብዙዎቹ የሩዝ ችግኝን በንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ አሳድገው፣ ካድሚየም ክሎራይድ ባንዴ ጨምረው፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሎሮፊልና ኢንዛይም የለኩ ናቸው። የጨመሩት ካድሚየም በተበከለ ማሳ ውሃ ውስጥ ከሚገኘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ችግኙ ዛላ ሳያወጣ ሙከራው ያልቃል። ፍሬ የለም፣ ስለዚህ የፍሬ ውጤትም የለም። አንድ ሰው ጥናት ሲያሳይዎ በአፈር ነው በውሃ፣ በማሳ ነው በገንቦ፣ ፍሬው ተለክቷል አልተለካም ብለው ይጠይቁት። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተክሉ በርትቶ ምርቱ ሲጨምር ያው ካድሚየም በብዙ ፍሬ ላይ ተበትኖ በኪሎ ያለው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሥሩ የበረታ ተክል ከበፊቱ የበለጠ ሊስብም ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ላብራቶሪ እንጂ የቅጠሉ መልክ አይደለም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ከውሃው ይጀምሩ። በፍሬው ላይ ጣሪያውን የሚያልፈው ካድሚየም ከሆነ፣ ሩዙ ዛላ ከማውጣቱ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ዛላ ካወጣ በኋላ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ውሃው ከማሳው እንዳይጠፋ ያድርጉ። በጃፓን የተለመደው አሠራር ይህ ነው። የሚያልፈው አርሰኒክ ከሆነ ማሳውን እያረጠቡ እያደረቁ ማብቀል ይሻላል። የተበሳሳ ቧንቧ መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሴንቲሜትር ሲወርድ መልሰው ያጠጣሉ። ሁለቱም የሚያልፉ ከሆነ በመጀመሪያው የእድገት ጊዜ አንጣፍፈው፣ ዛላ በሚያወጣበት ወቅት ውሃ ያስተኙ። አርሰኒኩን ደግሞ በሲሊከን ይያዙት።

ቀደም ሲል ልብ ይበሉት ያልኩት ነጥብ እዚህ ይመጣል። ከዕፅዋት ከሚገኝ ነገር ሁሉ ለእርስዎ ማሳ የመጀመሪያ ምርጫዬ የሩዙ የራሱ ገለፈት ነው። የሚያምር ስም የለውም፣ በጠርሙስም አይሸጥም። ከሚወቃው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው። ከገለፈቱ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው አመድ ሆኖ የሚቀር ሲሆን፣ አመዱ ከሞላ ጎደል ሲሊካ ነው። ከሄክታር 5 ቶን ሩዝ ከተገኘ ወደ 1 ቶን ገለፈት አለ ማለት ነው። እሱ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ኪሎ የሚጠጋ ሲሊካ ይገኛል። በየዓመቱ ከወፍጮ ቤት መልሰው ማሳው ላይ ይበትኑት። ገለፈት ከጭድ ይልቅ አርሰኒኩ በጣም ያነሰ ነው፣ ቶሎም ስለማይበሰብስ ኦክስጅኑን ባንዴ አይጨርስም። ማክሰል ወይም ማቃጠል ከፈለጉ እሳቱን ያለዝቡ። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ሲሊካው እየጠጠረ ወደ ክሪስታል ይለወጣል፣ ለሥሩም አይሟሟለትም። ጥቁርና ልል አመድ ከነጭና ከጠጣር አመድ ይሻላል።

የአፈሩን ፒኤችም (የአሲዳማነት መለኪያውን) ያስለኩ። ከ5.5 በታች ከሆነ በኖራ ወደ 6.5 አካባቢ ማምጣት ካድሚየሙን ያስራል፤ በተለይ ማሳው በሚደርቅባቸው ቀናት። ከዚያ በላይ አይግፉት። ዚንክ ያጥራል፣ ከዝገቱ ጋር የተጣበቀው አርሰኒክም ሊላቀቅ ይችላል። ዘርም ይምረጡ። ከሩዝ ሁለት ዋና ወገኖች፣ ኢንዲካ የሚባሉት ዝርያዎች በአማካይ ጃፖኒካ ከሚባሉት የበለጠ ካድሚየም ይሰበስባሉ፤ በየዝርያው ደግሞ ሰፊ ልዩነት አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ኮሺሂካሪ ከተባለው ዝርያ በጨረር አማካይነት የኤንራምፕ5 ፕሮቲኑ የተበላሸበት ሩዝ አውጥተዋል፤ ካድሚየም አይነካም ማለት ይቻላል። አንድ ጥሩ ዝርያ ማግኘት ከማንኛውም የሚረጭ ነገር የበለጠ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ሳሊሲሊክ አሲድን መሞከር ተገቢ ነው። ርካሽ ነው፣ በደንብም የተጠና ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ14 እስከ 70 ሚሊግራም ይበቃል። ለ16 ሊትር መርጫ ትልቁ መጠን 1.1 ግራም ገደማ ነው፤ በጣም ጥቂት ነውና በሚዛን ይመዝኑት። በቀዝቃዛ ውሃ እሺ ብሎ አይሟሟም። በጥቂት አልኮል ወይም በሙቅ ውሃ አሟሙተው ከዚያ ያቅጥኑት። ዱቄቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንት ያድርጉ። ዘሩን ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፈው መዝራት ችግኙን ያጠነክራል። ለፍሬው የሚጠቅመው ግን ዛላ ሊያወጣ ሲል ቅጠሉ ላይ መርጨቱ ነው፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል» የሚለው ሒሳብ እዚህ አይሠራም። መጠኑ ሲያልፍ ራሱ እድገት ይገታል፣ ቅጠል ያቃጥላል። አስፕሪን ፈጭተው የሚረጩም አሉ። አስፕሪን ሌላ ውህድ ነው፣ ኪኒኑም ውስጥ ሌላ ማጣበቂያ አለ። ይተውት። ሜላቶኒን ውጤቱ መልካም ነው፣ ለሄክታር ማሳ ግን ዋጋው አይቀመስም።

ሲሞክሩ ማሳውን ሁሉ አይርጩ። ማሳውን በረድፍ ከፋፍለው፣ ቢያንስ ሦስቱን ይርጩ፣ ሦስቱን ውሃ ብቻ ይርጩ። የተረጩትና ያልተረጩት ይፈራረቁ፤ የውሃ መግቢያው ጋ ያለው አፈር ከመውጫው ይልቅ የተበከለ ሊሆን ስለሚችል አንዱን ወገን ወደ አንድ ጥግ አይሰብስቡ። ሲያጭዱ ከእያንዳንዱ ረድፍ ከሃያ ያህል ቦታ ዛላ ይልቀሙ፣ ዳር ዳሩን ይተዉ። ዛላው አፈር አይንካው፤ አቧራው ራሱ ቁጥሩን ያዛባል። ፈልፍለው ላብራቶሪ ሲልኩ «ጠቅላላ ካድሚየምና ኢንኦርጋኒክ አርሰኒክ» ብለው ይጻፉ። «አርሰኒክ» ብቻ ካሉ ጠቅላላውን ይለኩልዎታል፣ ከጣሪያው ጋርም ማነጻጸር አይቻልም። በተረጩትና ባልተረጩት መካከል ያለው ልዩነት በሦስቱ ረድፎች መካከል ካለው ልዩነት ካልበለጠ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ ለኖራ ያውሉት።

ጭማቂም ሆነ ኮምፖስት የሚሠሩበት ተክል ከየት እንደተለቀመም ይጠይቁ። ሰናፍጭና የውሃ ላይ አረም ካድሚየምን የመሳሰሉ ብረቶችን መጥጦ በማከማቸት የታወቁ ናቸው። ከማዕድን ማውጫው በታች ካለው ጅረት የተለቀመ አረም ኮምፖስት ሆኖ ሲመጣ ካድሚየሙን በጆንያ ተሸክመው ማሳዎ ላይ እየደፉት ነው።

ማሳው እስኪስተካከል ድረስ የሚበሉትን በተመለከተ፣ አርሰኒክ በፍሬው ሽፋን ላይ ስለሚበዛ የተፈተገው ሩዝ ይሻላል። በስድስት እጥፍ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን ማንጠፍ ደግሞ ኢንኦርጋኒክ አርሰኒኩን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ካድሚየም ላይ ግን መፈተጉ እምብዛም አይረዳም፣ ፍሬው መሀል ድረስ ዘልቆ ስለሚገባ። ጭዱን በተመለከተ፣ በአርሰኒክ በኩል ከፍሬው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለከብት አይስጡት፣ መልሰውም ማሳው ውስጥ አይቅበሩት። ከማሳው አውጥተው፣ ከውሃ መሄጃ ርቆ ለብቻው ይከመር።